የጾም ዋፍል በሰባተኛ

ባለፈው እሑድ ልጄ አንድ አዲስ ካፌ ይዛኝ ገባች። አስተናጋጁ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ "ማዘር፣ ዋፍል ማለት እንደ ዳቦ ሆኖ ሳጥን ሳጥን ያለበት ነው" ሲል አስረዳኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ "ጎሽ የኔ ልጅ" አልኩት። ሰባተኛ ሰፈርን ዋፍል ያስለመድኩት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው መቼም አያምነኝም።

ደርግ ወድቆ ገበያው በተከፈተ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሰባተኛ ሰፈር የቤት ዕቃ ሱቅ ነበረው። ጉልበቱን አሞት ለሁለት ሳምንት ጠበል ሲሄድ፣ ለገና ገበያ ድስት እንዳስገባ አዘዘኝ። እኔ ግን አስመጪው መጋዘን ውስጥ ከዱባይ የመጣ አርባ የዋፍል ማሽን አየሁና በድስቱ ፈንታ እሱን ጭኜ መጣሁ። ድስትማ ጎረቤቱ ሁሉ ይሸጣል! አባቴ ተመልሶ ካርቶኖቹን ሲያይ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

"እስከ ገና ካልወጣልሽ ሱቁን ለአጎትሽ ልጅ አስረክባለሁ፤ አንቺ ሌላ ሥራ ፈልጊ" አለኝ።

ሱቁ ደግሞ ነፍሴ ነበር። ከዚያ ሌላ የምፈልገው ሥራ አልነበረኝም።

ሰው የማያውቀውን ዕቃ አይገዛምና ጋግሬ ለማሳየት ቆረጥኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ የታኅሣሥ ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው፣ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው መሠረት ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተትና ለጋ ቅቤ አንድ ላይ መታሁ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ስጋግር የቅቤው ሽታ ሸክም የያዘውን ሳይቀር አቆመው። የሰፈሩ ነጋዴ ሴቶች ከበቡኝ። ቆርሼ ሳድል ግን አንዷም እጇን አልዘረጋችም።

"ምነው ልጄ፣ ጾም አይደለም እንዴ?" አለችኝ አንዷ።

እኔ ረቡዕና ዓርብን እንጂ የነቢያትን ጾም አልጾምም ነበር፤ ሌላው ይጾማል ብዬም አላሰብኩም። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ፊቱን አዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያወጡኝ እትዬ ሀሊማ ናቸው። በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ ቅመም የሚሸጡ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ፤ ሙስሊም ስለሆኑ ጾሙ አይመለከታቸውም። ሦስት ዋፍል በላይ በላዩ በሉና፣ "ይሄስ ግሩም ነው! ግን እኔ ብቻዬን አርባ ማሽን ልገዛልሽ ነው?" አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ሱቃቸው ወሰዱኝና ተልባና ጎመንዘር ሰፈሩልኝ።

"በእንቁላሉና በወተቱ ፈንታ የተልባ ውሃ፣ በቅቤው ፈንታ ዘይት። እንዳይዝብሽ ደግሞ ብረቱን እንደ ምጣድ በጎመንዘር ማሰስ ነው።"

ያን ቀን ሁለት ሊጥ አበላሸሁ። አንደኛው ብረቱ ላይ ተጣብቆ በቢላዋ ተፋቀ፤ ሌላው እንደ ጫማ ሶል ደረቀ። በሦስተኛው ግን ተልባውን ቆልቼ አደቀቅኩ፣ ዘፍዝፌ ውሃውን አጠለልኩ፣ በእሱ ዱቄቱን ከነእርሾው አቡክቼ ኩፍ እስኪል ታገሥኩ። በጎመንዘር የታሰሰው ብረት ላይ ሳፈሰው ተንጫጫ። ክዳኑን ሳነሳ ዋፍሉ ያለ ምንም ልመና ወጣ፤ ውጪው ኩርሽምሽም ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾመኞቹ እህል የሚቀምሱበት ሰዓት ሲደርስ፣ እንደገና ደጃፉ ላይ ጋገርኩ። ሁለት ትሪ ወዲያው አለቀ። አባቴም አንድ ወስዶ ቀስ ብሎ አኘከ። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ ይህ ማሽን ስንት ነው የሚሉት?" ስትለው በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

"እሷን ጠይቂያት፤ ሱቁ የእሷ ነው።"

ጭልፋዬን አስቀምጬ ዋጋውን ነገርኳት።

ገና ሳይደርስ አርባውም ወጣ። ለቤታችን አንድ እንኳ አላስቀረሁም፤ ከሚቀጥለው ጭነት አስቀራለሁ አልኩ። በዓመቱ ግን ገበያው ወደ ሌላ ዕቃ ዞረ፣ እኔም አብሬው ዞርኩ። አባቴ የፍስኩን፣ ያን በእንቁላልና በለጋ ቅቤ የሚሠራውን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀምስ አረፈ።

ዛሬ ሱቁ ሦስት ሆኗል፤ በንግዴ የሚቆጨኝ ነገርም እምብዛም የለም። እሑድ ዕለት ግን ቅቤ የቀለጠበትን ዋፍል ቆርሼ ስጎርስ እንባዬ መጣ። ልጄ ደንግጣ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምን ልበላት? አርባውንም ሸጬ ጎበዝ ተባልኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ብሸጥም ጎበዝ እባል ነበር።