የኔነሽ ያስተማረችው «ከ»

የኔነሽ ታክሲ ውስጥ ጆሮዋን ትጥላለች። ሐሜት ፍለጋ አይደለም። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ በስልክ እንግሊዝኛ ሲያወራ ከሰማች፣ መስኮቱን የምታይ መስላ ታዳምጣለች። ሰውየው ሁለት ነገሮችን እስኪያነጻጽር ትጠብቃለች። አነጻጽሮ በትክክል ከተናገረ ትንፋሿን ትለቃለች። ከተሳሳተ «ይቅርታ፣ የት ነው የተማሩት?» ብላ ትጠይቃለች። እስካሁን የጠየቀችው ሦስት ሰው ነው። ሦስቱም ቀራንዮ አሉ።

ነገሩ የተጀመረው በ1988 ዓ.ም. ነው። የኔነሽ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። ከማሰልጠኛ የአንድ ዓመት ኮርስ ጨርሳ ቀራንዮ ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተመደበች። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ የተባለበት ሰሞን ስለነበር አስተማሪ አልተገኘም። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር አዲስ የመጡትን ሰብስቦ «እንግሊዝኛ የሚሞክር?» አለ። ማንም እጁን አላወጣም። የኔነሽ በሩ አጠገብ ቆማ ስለነበር ጣቱን ወደሷ ቀሰረ። በዚሁ የአራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች።

በእጇ የነበረው የተማሪው መጽሐፍና ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላ ሠንጠረዥ ሠራች። ወደ፣ ቱ። ውስጥ፣ ኢን። ከ፣ ፍሮም። ከቤት፣ ከገበያ፣ ከኮልፌ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበረች። ተውሳከ ግስ የሚነጻጸርበት ምዕራፍ ሲደርስ ግን ያንኑ ሠንጠረዥ ይዛ ገባች። አማርኛው «ከኔ ይልቅ በፍጥነት ይሮጣል» ይላል። «ከ» አለ። እንግዲያው «ሂ ራንስ ፋስተር ፍሮም ሚ» ብላ ጻፈች። ልጆቹ በዜማ ተቀበሏት። ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ የሚለው ነገር ስህተት አይመስልም።

ስህተቱን ያወቀችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በክረምት ለዲፕሎማ ስትማር ነው። መምህሩ ወረቀቷ ላይ «ፍሮም» የሚለውን ከበበና ከጎኑ «ዛን» ብሎ ጻፈ። የኔነሽ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በዓመት ስድሳ ልጅ፣ በሦስት ዓመት መቶ ሰማንያ። ግማሾቹ ገና እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በላይኛው ክፍል ይማሩ ነበር። መስከረም ሲጠባ በየክፍሉ ገብታ ልትነግራቸው ወሰነች። መስከረም ጠባ። አፈረች። አልገባችም።

ባሏ ተክለማርያም ኮልፌ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ይህን ታሪክ ሲሰማ ይስቃል። «አንቺ ሴት፣ መቶ ሰማንያ ሰው ገድለሽ ቢሆን እንኳ እስካሁን ምሕረት ይደረግልሽ ነበር» ይላታል። «እኔ ስንት ሰው የሚወላገድ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ!»

«ወንበሩን መልሰው ያመጡልሃል» ትለዋለች። «እኔ ጋ ማን መልሶ ያመጣል?»

ከዚያ ወዲህ ያን ምዕራፍ በየዓመቱ ከሌላው ሁሉ አስበልጣ ታስተምራለች። ዘንድሮ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ዘጠነኛ ዓመቷ ነው።

መጋቢት ላይ የአሁኑ ርዕሰ መምህር ወዬሳ ቢሮው አስጠራት። ወዬሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ነገር ሲናገር ግን የጠረጴዛውን መስታወት ይጠርጋል። ያን ቀን እየጠረገ አገኘችው።

«ቲቸር፣ እንግሊዝኛውን ለወጣቶቹ እንስጥ የሚል ሐሳብ መጥቷል። እርስዎ ቤተ መጻሕፍቱን ይይዙልናል።»

ቤተ መጻሕፍት የሚባለው አንድ ቁም ሳጥን ያለበት ክፍል ነው። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ተወስኗል?»

«ኧረ አልተወሰነም። ረቡዕ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ክፍልዎ ይገባል። ሰባና ከዚያ በላይ ካገኙ ይቀጥላሉ። ካልሆነ…»

«ካልሆነ ከቁም ሳጥኑ ጋር እኖራለሁ።»

«ኧረ ቲቸር!» አለ ወዬሳ። መስታወቱን እንደገና ጠረገ።

የረቡዕ ትምህርት ያው ምዕራፍ ነበር። መቀየር ትችል ነበር፤ አልቀየረችም።

ረቡዕ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ በር ላይ ጠበቃት። ረጅም፣ ፀጉሩ ከፊት የሳሳ ሰው ነው። ገና ሳትደርስ እጁን ዘረጋ።

«ቲቸር የኔነሽ! አላወቁኝም?»

«ፊትህን አውቀዋለሁ። ስምህ ነው የጠፋኝ።»

«ዘርዓብሩክ ነኝ። አራተኛ ቢ። በመስኮት ስወጣ በቀበቶዬ ይዘው የመለሱኝ።»

«የመስኮቱ! አንተ ነህ? ይሄን ሁሉ ረዝመህ አሁን በበር ነው የምትገባው?»

ሁለቱም ሳቁ። ዘርዓብሩክ ሒሳብ አስተምሮ ነው ሱፐርቫይዘር የሆነው። የኔነሽ ቀለል አላት፤ ተማሪዬ ነው፣ አይጨክንብኝም ብላ አሰበች። ሜዳውን ሲያቋርጡ ግን ዓመቱን ቆጠረች። የመስኮቱ ነገር የሆነው በ1989 ነው። ሁለተኛው ዓመት። ቀለል ያላት ነገር ተመልሶ ከበዳት።

ክፍል ውስጥ አርባ ስምንት ልጆች አሉ። ዘርዓብሩክ ኋላ ተቀመጠ፤ የግምገማ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የኔነሽ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ እስከ አፋቸው ውሃ ሞልታ ለጃለታና ለዘይቱና ሰጠቻቸው። ከበሩ እስከ ሰሌዳው ይዘው ይሄዳሉ።

ጃለታ በአራት እርምጃ ደረሰ፤ ግማሹ ውሃ ወለሉ ላይ ቀረ። ዘይቱና ዓይኗን ከኩባያው ሳትነቅል፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ነክሳ፣ ቀስ እያለች መጣች።

«ዘይቱና፣ ቶሎ በይ እንጂ! ደወሉ ሊደወል ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

አንዲት ጠብታ አልፈሰሳትም።

የኔነሽ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ ልጆቹ እየተነሡ መለሱ። ጃለታ ዎክድ ፋስተር ዛን ዘይቱና። ዘይቱና ዎክድ ሞር ኬርፉሊ ዛን ጃለታ። ሰሌዳው ላይ ቃላቱን ለየቻቸው። እንደ ፋስት ያሉት አጫጭሮቹ ጅራታቸው ላይ «ኧር» ይጨመርላቸዋል። በ«ሊ» የሚያልቁት ከፊታቸው «ሞር» ይቀድማቸዋል። «ዌል» ብቻ ለማንም አይገዛም፤ ጭራሽ ስሙን ለውጦ «ቤተር» ይሆናል።

«ቲቸር፣ ታዲያ ማን በለጠ?» አለ ጃለታ። «አንደኛ የወጣሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«ዘ ዎተር፣ ጃለታ! ሉክ አት ዘ ዎተር!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጃለታ የረጠበ ጫማውን አየና እሱም ሳቀ። የኔነሽ ይህን ምዕራፍ የምትወደው ለዚህ ነው። ቅጽል ልጅን ከልጅ ያበላልጣል፤ ረጅሙን ከአጭሩ፣ ጎበዙን ከሰነፉ። ተውሳከ ግስ ግን ልጁን ትቶ አካሄዱን ይጠይቃል። አካሄድ ነገ ይለወጣል። ዛሬ ውሃ ያፈሰሰ ልጅ ነገ ላያፈስ ይችላል።

አሥር ደቂቃ ሲቀር ዘርዓብሩክ ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ። ልጆቹ መረዳታቸውን ራሱ ሊያይ ፈለገ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«ሁ ዎክድ ፋስተር ፍሮም ዘይቱና?»

ሲወጡ የነበሩ እጆች ሁሉ ወረዱ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘርዓብሩክ ያልሰሙት መስሎት ቀስ አድርጎ ደገመው። «ፋስተር… ፍሮም… ዘይቱና?»

ጃለታ ግራ ተጋብቶ ተነሣ። «ከዘይቱና ሸሽቶ ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩህ!» አለች ዘይቱና ከፊት ወንበር።

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ዘርዓብሩክ አልሳቀም። ተቀመጠ፣ ቅጹ ላይ ጎንበስ አለ፣ ብዕሩ ተንቀሳቀሰ። ልጆቹ ጥያቄ አልመለሱም። የሚጻፈው እሱ እንደሚሆን የኔነሽ ገባት።

ዝም ማለት ትችላለች። በኋላ ቢሮ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በለሆሳስ ብትነግረው ማንም አይዋረድም። ግን ቢሮ ውስጥ ስትናገር ነጥብ የምትለምን ትመስላለች። ግራ የተጋቡት አርባ ስምንቱ ልጆች ደግሞ ትክክል ናቸው፤ ትክክል ሆነው ሳለ እንዳልገባቸው እየተጻፈ ነው። አንድ ጊዜ መስከረም ላይ አፍራ ነበር። ከዚያ የመጣው ይሄ ነው።

ጠመኔውን አነሣች። ሰሌዳው መሐል ላይ «ከ» ብላ ጻፈች፤ በአማርኛም ተናገረች።

«ልጆች፣ አልተሳሳታችሁም። ሱፐርቫይዘራችንም የተናገሩት የተማሩትን ነው። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።» ወደ ኋላ ዞረች፤ እርስዎ ማለቱ ከአፏ ጠፋ። «ዘርዓብሩክ፣ ያኔ ከ ማለት ፍሮም ነው ብዬሃለሁ። የኛ «ከ» ሁለት ሸክም ይሸከማል። ከኮልፌ መጣ እንላለን፤ ከዘይቱና ፈጠነ እንላለን። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ስናነጻጽር ዛን ነው። እኔ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው። ሳውቅ ደግሞ አልነገርኩህም።»

ከ«ከ» ሁለት ቀስት አወጣች። በአንዱ ጫፍ ፍሮም፣ በሌላው ዛን። ዘርዓብሩክ ሰሌዳውን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል።

ዘይቱና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እና ያኔ ዜሮ ነበር የሚገባዎት?»

«ለሦስት ዓመት፣ አዎ።»

ደወሉ ተደወለ።

ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ።

«በልጆቹ ፊት…» አለ ዘርዓብሩክ።

«በልጆቹ ፊት ነው የጠየቅኸው።»

«ለማስተርስ መግቢያ ድርሰት ጽፌ ነበር። አምስት ቦታ በቀይ ተከቦ መጣ። አምስቱም ይህችው «ፍሮም» ናት። ምን እንደሆነች አልገባኝም። አፍሬ አልጠየቅኩም።»

«እኔም አፍሬ ነው ያልነገርኩህ።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ተማሪዎች አልተሳተፉም የሚለውን ሰርዞ አስተካከለ። ደመረ። ሰባ ሦስት ሆነ። ከታች ግን አንድ መስመር ቀርታለች። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎችን በአማርኛ ያስረዳ መምህር አምስት ነጥብ ይቀነስበታል። ሰባ ሦስት ሲቀነስ አምስት። ብዕሩ ቆመ።

«ቀንስ» አለች የኔነሽ። «ቅጹ የሚለውን ጻፍ።»

«ስድሳ ስምንት ነው ቲቸር።»

«መቀነስ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም። ትክክል ሳይሆን አይቀርም።»

ዘርዓብሩክ ሳቁ አመለጠው። መስመሯን በጣቱ እየተከተለ እንደገና አነበባት። «ተማሪዎችን ነው የሚለው» አለ። «ተማሪዎቹማ ገብቷቸው ነበር። በአማርኛ ያስረዱት እኔን ነው። እኔ ደግሞ ተማሪ አይደለሁም።»

«ነበርክ።»

«የዘንድሮ መዝገብ ላይ የለሁም።»

መስመሯ ላይ «አይመለከትም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሰባ ሦስት። የኔነሽም ፈረመች። አራተኛ ክፍል ነገም የሷ ነው።

ዘርዓብሩክ ቦርሳውን ዘግቶ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሦስት ዓመት ነው ያሉት?»

«ሦስት።»

«ሜሪን አስተምረዋታል። እህቴን። ከኔ በአንድ ዓመት ነው የምታንሰው።»

የኔነሽ አስታወሰቻት። ደብተሯን በጋዜጣ የምትሸፍን፣ የተባለችውን ሁሉ ቃል በቃል የምትጽፍ ልጅ። «ምን ትሠራለች አሁን?»

«አስኮ አንድ የግል ትምህርት ቤት አለች። ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ ነው የምታስተምረው። ትንንሾቹን። ምናልባት እኮ እስካሁን አስተካክላው ይሆናል።»

«ምናልባት» አለች የኔነሽ። አሥራ አንድ ዓመትን በልጆች ቁጥር ማባዛት ጀመረችና ተወችው። «ስልኳን ስጠኝ።»

«እኔ እነግራታለሁ፣ አይጨነቁ።»

«አንተ አትነግራትም። ስልኳን ስጠኝ።»

ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ፌርማታው ላይ ወደ አስኮ የሚሄድ ታክሲ አገኘች። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ከኋላዋ ዕድሜው አርባ የሚሆን ሰው በስልክ እንግሊዝኛ ያወራ ነበር፤ የመኪና ዋጋ ያነጻጽራል። የኔነሽ አልሰማችውም። ሜሪን ስታገኝ የምትናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እየሞከረች ነበር። «ሜሪዬ፣ የኔነሽ ነኝ፤ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩሽ፤ አንዳንድ ጊዜ ሰው ሳያውቅ…» ረዘመ። ሰበብም አለበት። ታክሲው ሁለት ሰው አራግፎ እንደገና ተነሣ።

«ሜሪ፣ አንድ ነገር አሳስቼ አስተምሬሻለሁ።»

ይሄኛው ከመጀመሪያው ይሻላል አለች በልቧ።