ለላይኛው ምክር ቤት የጸለይኩበት ቀን

በስደት በምኖርበት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ከማታቱ ሚኒባስ አውርደው ነው የወሰዱኝ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች የስደተኛ መታወቂያዬን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፤ ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት። ያኔ ነው የፈለጉት መታወቂያ እንዳልሆነ የገባኝ። ከቦርሳዬ ያወጡት ለማሳተም ያዘጋጀሁትን ጽሑፌን ነበር።

ጽሑፉ ስለ አገሬ ላይኛው ምክር ቤት ነው። አባላቱን ክልሎች ይልኳቸዋል እንጂ ሕዝብ ተሰልፎ አይመርጣቸውም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉሙት ግን እነሱ ናቸው፤ ከእነሱ በላይ ይግባኝ የለም። ማን እንዴት እንደተላከ የሚያሳየውን ቃለ ጉባኤ አንዲት የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደብቃ ልካልኛለች። የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟን ካገኙ አለቀላት።

የታሰርኩበት ክፍል በረኪናና ሽንት ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ አበሻ ተቀምጧል፣ በእኔ ዕድሜ።

«ጌታ ይባርክህ ወንድሜ» አለኝ።

እሰይ ልል ሲገባኝ ተጠራጠርኩት። ከታሰርኩ ሦስት ቀኔ ነው ይላል፤ ሸሚዙ ግን ዛሬ ጠዋት የተተኮሰ ነው። ዳቦውን ከፍሎ ሰጠኝ። በላሁ፤ ርቦኝ ነበራ!

በምን እንደያዙኝ ጠየቀኝ። ጽሑፉ እንደሆን በፖሊሶቹ እጅ ነው ብዬ፣ የላይኛው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንደማይመረጡ ነገርኩት።

«ምን? እነሱንም የመረጥኩ ይመስለኝ ነበር እኮ!»

«አንተ የመረጥከው ታችኛውን ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ብቻህን አወቅከው?»

ጆሮዬ ቆመ። «መጽሐፍ ላይ አለ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ እንጸልይ አለኝ። እኛ ጴንጤዎች አብረን ስንጸልይ የጸሎት ርዕስ እንጠያየቃለን፤ ሰው በስሙ እየጠራን ነው የምንለምንለት። «የረዱህን ሁሉ በስማቸው ለጌታ ስጣቸው» አለኝ። ልማድ ክፉ ነው! ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከልቤ እያለቀስኩ፣ «ጌታ ሆይ፣ እህቴን…» ስል ስሟ ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዓይኔን ገለጥኩ። እሱ አልጨፈነም። አፍ አፌን ያየኛል።

«እህቴን ጠብቅልኝ፤ ስሟን አንተ ታውቀዋለህ» አልኩ። ከዚያ በር ላይ ያለው ዘብ ወደ እኛ እስኪዞር ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ስለ ላይኛው ምክር ቤት አባላትም እለምንሃለሁ። ሕዝብ አልመረጣቸውምና ሕዝብ አይጠይቃቸውም። አንተ ጠይቃቸው!»

ሰውዬው ቆይቶ «አሜን» አለ።

አመሻሽ ላይ ጠርተው ወሰዱት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ሙሉ ስሙን ነገረኝ። «ወደ አገር ቤት ሊመልሱኝ ነው፤ ጸልይልኝ።»

«እሺ» አልኩት። የውሸት ስም ነው ብዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጸለይኩለትም።

እኔን በማግስቱ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ቃለ ጉባኤውን የላከችልኝ ሴት ዛሬም ሥራዋ ላይ ናት፤ ልጆቿም አድገዋል። በዚያ ቀን ስሟን ባለመጥራቴ አልጸጸትም። ግን ሰውዬው እውነቱን ከነበረስ? እሁድ ቤተ ክርስቲያን «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል ስሙ ይመጣብኛል። እስካሁን እጄን አላነሳሁም።