ለነፋሱ የተቀመጥነው ለቅሶ

ሰሞኑን ከተማሪዎቼ ጋር ከግሽ ዓባይ ሰፈር ወደ ሐይቁ ስወርድ ያደግሁበትን አሮጌ ፎቅ አየሁት። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። ይፈርሳል ማለት ነው። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እንዲያውም ዘግይቷል፤ ሆዱ የተቀደደ ቤት ነው» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሆዱ የተቀደደው በምክንያት ነው፤ ላስረዳ። ቤቱ ለፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጡብ ነው። መካከሉን ከሐይቁ እስከ መንገዱ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሰፊ መተላለፊያ አለው። ደረጃው የሚነሣው ከዚያው ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያላቸው ጡቦች ተደርድረዋል። የጣና ነፋስ በታች ይገባል፤ ሞቃቱ አየር በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ በቀዳዳዎቹ ያመልጣል። ሚያዝያ ላይ ከተማው በሙቀት ሲቃጠል እኛ በራችንን ገርበብ አድርገን ቀዝቀዝ ብሎን እንውላለን። ከሐይቁ ዳር የሚጠበሰው ዓሣ ሽታም አብሮ ይገባል፤ ያንንም ለምደን ወደነው ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች መተላለፊያውን በሁለቱም በኩል ደፍነው ሱቅ ሊያደርጉት ወሰኑ። ጎረቤቱ አቤት ቢል ሰሚ አጣ። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ብርነሽ በፋብሪካው ፈታይ ነበሩ፤ የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ያለዚያ ነፋስ መተንፈስ ይቸግራቸዋል። ለእሳቸው ነገሩ የሱቅ ጉዳይ አልነበረም።

ግንበኞቹ ይመጣሉ በተባለበት ጧት እትዬ ብርነሽ የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች መተላለፊያው ውስጥ አስደረደሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበ። እኔም እናቴ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ።

የግንበኞቹ አለቃ ሲደርስ ደነገጠ። መሣሪያውን ውጭ አስቀምጦ፣ ቆቡን አውልቆ ገባ፤ ሰዎቹም ተከተሉት። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ንፍሮ አዘገኑት፤ በላ። ጥቂት ቆይቶ ወደ እትዬ ብርነሽ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ማን ነው ያረፈው?»

«ገና ነው። ገዳዩ አንተ ነህ።»

«እኔ? ማንን?»

«ይኸን ነፋስ። ከዚያ እኔን። ንፍሮዬን ግን አስቀድመህ በላህ፣ ልጄ።»

አንዱ ጋቢው ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም። እናቴ ቀሚሴን እየጎተተች ልታስቀምጠኝ ብትሞክርም ተነሥቼ ስለ ደረጃው፣ ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ስለ ሞቃቱ አየር አስረዳሁት። ቀና ብሎ ጡቦቹን አየ፤ መዳፉን ለነፋሱ ዘረጋ።

«የለቅሶ ንፍሮ የበላሁበትን ቤት አልደፍንም» አለና ሰዎቹን ይዞ ሄደ።

ሌሎች ተላኩ። እኛም ወንበሩን አላነሣንም። እነሱም እየገቡ አጽናንተውን ወጡ። ከከተማው ውጭ ካለው ከሰባታሚት ሳይቀር ሐዘን ሰማን ያሉ ዘመዶች መጥተው አለቀሱ። በመጨረሻ የሱቁ ዕቅድ ቀረ፤ እትዬ ብርነሽም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያ ነፋስ ተነፈሱ።

ተማሪዎቼን ወደ መተላለፊያው አስገብቼ ዝም ብላችሁ ቁሙ አልኋቸው። ነፋሱ ደብተራቸውን ገለጠው፤ ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

እትዬ ብርነሽ ዛሬ የሉም። አሮጌ ነገር ሁሉ ይቆይ አልልም። ለሰው ታስቦ የተሠራን ቤት ግን ማንም በአንድ ቆርቆሮ ቀለም አይፈርድበትም። ያን ኤክስ የቀባው ሰው ሊያፈርስ ሲመለስ ለቅሶ ይደርሳል። ወንበሮቹን ከዕድሩ ጠይቄአለሁ፤ ስንዴውና ሽምብራውም ተዘፍዝፏል።