ሞተሩ የጠጣው ጠበል

ባለፈው ጥቅምት የአባቴን ሙት ዓመት ለማውጣት ቢቸና በሄድኩበት ሰሞን፣ እናቴ ለድግሱ እንግዶች ቦታ ይለቀቅ ብላ የጓሮውን ክፍል ስታራግፍ ዋለች። የተሰበረ ወንበር፣ ቀዳዳ ጀሪካን፣ አንድ እግሩ የጠፋ ቦቲ ጫማ ከወጣ በኋላ በመጨረሻ ከሸራ ሥር የአባቴ ሞተር ሳይክል እየተጎተተ ወጣ። ጎማዎቹ ተንፍሰው መሬት ላይ ተለጥፈዋል፣ መቀመጫውን አይጥ በልቶታል፣ ካቴናው ዝጎ አንድ ብረት ሆኗል። ቆራሌው ጆንያውን ይዞ በር ላይ ይጠብቅ ነበርና፣ ውስጡ የቀረ ነገር እንዳለ ሊያይ የቤንዚን ታንከሩን ክዳን በጉጠት ጠምዝዞ ከፈተው። ያን ጊዜ ሽታው ወጣ፤ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅለው ሃያ ዓመት ያህል የታፈኑበት፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የጤፍ ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ሐዘኔ ተነሥቶብኝ መስሏት አይዞሽ አለችኝ፤ ሐዘን ግን አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ልጅ ወልጃለሁ፣ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ የሰው ሕመም ስሰማ እውላለሁ፤ ያ ሽታ ሲመጣ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባቴ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር። ወደ ሞጣ ሲያዛውሩት እናቴ የስፌት መኪናዋንና ደንበኞቿን ጥላ መሄድ ስላልሆነላት እኔና ታናሽ ወንድሜ ከእሷ ጋር ቢቸና ቀረን፣ እሱም ሰኞ ሄዶ ዓርብ የሚመለስ ሰው ሆነ። አውቶቡሱ የሚነሣው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ሰው ሲሞላ ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ተበሳጭቶ ሦስተኛው ላይ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ካስወገዳቸው ዕቃዎች መካከል ይህን ሞተር ገዛ። ቀይ ነው ይለን ነበር። ቀይ መሆኑ ግን የሚታወቀው ከታንከሩ ክዳን ሥር ብቻ ነው፤ የቀረውን ፀሐይና አቧራ ወስዶታል።

ሞተሩ በጠዋት ብርድ አይነሣም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ አባቴ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ፣ ጥቀርሻውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጎ ለእናቴ ይሰጣታል፤ እሷ በጉጠት ይዛ ከሰሉ ላይ ታግለዋለች። ሲግል "በስሏል" ትላለች፣ የምታበስለው ወጥ ይመስል፤ አባቴም በጨርቅ ተቀብሎ እየሮጠ ይገጥመውና ሳይቀዘቅዝ መርገጥ ይጀምራል። አሥር ጊዜ ረግጦ እንቢ ካለው ጎረቤት ተጠርቶ በግፊ ይነሣል። ኪዳን አድርሰው የሚመለሱት ቄስ እንኳ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲገፉ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ገበያ መሐል የአባቴ ጋቢ ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ግማሹ ከተበላ በኋላ፣ እናቴ ጋቢውን ወገቡ ላይ በመጫኛ ማሰር ጀመረች፤ በቅሎ የምትጭን ይመስል በጉልበቷ ደግፋ ነበር የምታጠብቀው። የተሰበረ ዕቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አዲስ አበባ ይላካል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የማይገጥም ሌላ ዕቃ ይመጣል። አባቴ ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያወራው።

ቤንዚኑን የሚሸጡልን አያ ደሴ ነበሩ። ከቤታችን ሦስት በር አልፎ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ ማደያው ብዙውን ጊዜ የለም ስለሚል ከበርሜል በሊትር ይሸጡ ነበር። የወንድሜ የክርስትና አባት ናቸው። ከአባቴ ጋር አበልጄ ተባብለው ይጠራራሉ፣ በሚካኤል ማኅበርም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሑድ ማታ ቤንዚኑን ቀድተው ዘይቱን ራሳቸው ለክተው ይቀላቅሉለታል፣ ለእኔም ደስታ ከረሜላ ሳይጨምሩ አይሸኙንም።

እኔ ያንን ሞተር እፈራው ነበር። ዓርብ ከሰዓት ገበጣ እየተጫወትኩም ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው። ድምፁ ከከተማው መግቢያ ሲሰማ ወደ በር እሮጣለሁ፤ የዘገየ እንደሆነ ግን ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጭነት መኪናው አስባለሁ፣ ጠጠሩ ከእጄ ይወድቃል። በዘጠኝ ዓመቴ ክረምት ደግሞ ይባስ ብሎ አባቴ ሞጣን ላሳይሽ ብሎ ከኋላው ጫነኝ። ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል፤ ታች ድልድዩ ጋ ሲደርስ በግራ እጁ የጨበጠውን ፍሪሲዮን ሲለቀው በራሱ ይነሣል። እኔ ግን ይህን አላወቅኩም። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ ብሎ የጎማው መንሸራተትና ነፋሱ ብቻ ሲቀር፣ በቀኝ በኩል ገደሉ አፉን ከፍቶ ሲታየኝ፣ አባቴ ያፏጭ ነበር። ፊቴን ጋቢው ውስጥ ቀብሬ እስከ ድልድዩ ድረስ አልተነፈስኩም። ሞጣን ምን እንደምትመስል እስከ ዛሬ አላስታውስም። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ በየሰኞው በዚያ ገደል አፋፍ እንደሚያልፍ አወቅኩ፤ ማወቄ ካለማወቄ የባሰ ሆነ።

ታዲያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መላ መጣልኝ። ቤታችን ጠበል ይረጫል፣ ላሚቱም ትረጫለች፣ ሞተሩም ሲገዛ ተረጭቶ ነበር። ነገር ግን የተረጨው ደርቋል፤ ሰው ክፉኛ ሲታመም ደግሞ ይጠጣል እንጂ አይረጭም። ሞተሩ የሚጠጣው በአንድ አፍ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ከአያ ደሴ ቤንዚን አስሞልቶ ሞተሩን ግቢ ካቆመው በኋላ፣ እናቴ ለሆድ ቁርጠት ካስቀመጠችው ጠበል በሳል መድኃኒት ብልቃጥ ቀድቼ፣ ክዳኑን በሁለት እጄ ታግዬ ከፍቼ፣ በስመ አብ ብዬ አፈሰስኩት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያች ማታ ተረጋግቼ የተኛሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው በራችን ላይ ተሰብስቧል። አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ በእህሉ ጆንያ ላይ የአባቴ ሞተር መሪው ተጣሞ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ በገመድ ታስሯል። አባቴ አይታይም። ደብተሬን ጣልኩ። ጸሎት መጀመር ፈልጌ አንድም ቃል አልመጣልኝም፤ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ያችን ብልቃጥ የት እንደጣልኳት ብቻ ነበር። ከዚያ የጋቢናው በር ተከፈተና አባቴ ግራ እጁን በጋቢው አቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ።

ነገሩ የሆነው ከድልድዩ ማዶ ባለው ዳገት ላይ ነው። ሞተሩ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ ሲወጣ ድንገት አነቀውና ጠፋ፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ከነአባቴም ቦይ ውስጥ ገባ። ሁለት ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ ገደሉ ነበር። በማግስቱ አንድ መካኒክ ግቢያችን ውስጥ ካርቡራተሩን ፈትቶ የነበረበትን በሻይ ብርጭቆ ቀዳ፤ ከላይ ቤንዚን፣ ከሥሩ ንጹሕ ውኃ ተለይቶ ተኛ። ሁሉም ጎንበስ እያለ አየ። ሁሉም ውኃ ነው ሲል፣ ከየት የመጣ ውኃ እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ ብርጭቆውን በደህናው እጁ ይዞ ወጣ። እኔም ከኋላው ተከተልኩት። አያ ደሴ ሊጠይቁት ለመምጣት ሱቃቸውን እየዘጉ ነበር፤ ሲያዩት እግዜር ይማርህ ብለው ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

"አበልጄ፣ ውኃ ነው የሸጥክልኝ" አለ፣ ሳይጮህ።

አያ ደሴ ብርጭቆውን አይተው አባቴን አዩት። "በልጃችን ክርስትና፣ እኔ ውኃ አልጨመርኩም" አሉ። አባቴ ብርጭቆውን እዚያው ተወው። ዘወር ብሎ ሲወጣ አያ ደሴ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ያን ቀን ለመናገር ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ። ፈራሁ። አባቴ ልትገድይኝ ነበር ያሰብሽው ይለኛል ብዬ ፈራሁ፣ ጠበል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ ስለማላውቅ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚህም የባሰ አለ። ወጌሻው ያሸው እጅ ተጣሞ ድኖ አባቴ ፍሪሲዮን መጨበጥ እንደማይችል ሲታወቅ፣ ሞተሩም ጓሮ ገብቶ ሸራ ሲለብስ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የለመንኩትን አግኝቻለሁ። ብናገር ሞተሩ ተመልሶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ወደ ቢቸና ተዛውሮ የጠረጴዛ ሥራ ላይ ዋለ። ከሚካኤል ማኅበርም ቀረ። አያ ደሴን ሰው ደሴ ውኃው ይላቸው ጀመር፣ ቤንዚን የሚገዛቸው ጠፋ፤ ዓመት ሳይሞላ በርሜሉ ከሱቃቸው ደጅ ተነሣ። ለፋሲካ ለክርስትና ልጃቸው የሚልኩት ልብስ ሳይፈታ ይመለሳል፤ ወንድሜ በላስቲኩ ውስጥ ያየውን ሰማያዊ ሸሚዝ እያሰበ ሲያለቅስ፣ የማባብለው እኔ ነበርኩ። የፊዚክስ መምህራችን ውኃ ከቤንዚን እንደሚከብድ፣ ከሥር እንደሚተኛ ያስተማሩን ቀን አሞኛል ብዬ ከክፍል ወጣሁ።

አባቴ አልጋ ላይ በዋለበት የመጨረሻው ወር አያ ደሴ በምርኩዝ መጡ። እኔ ራስጌው ተቀምጬ ነበር። በር ላይ ቆመው "አበልጄ" አሉት። አባቴ ሰማ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ከእሱ ሌላ የምፈራው አልነበረም፣ እሱም ለመቆጣት አቅም አልነበረውም፤ ሆኖም እንዲህ አድርጋብኝ ነበር ብሎ እንዲሞት አልፈለግኩም። አያ ደሴ ትንሽ ቆመው ሄዱ። አባቴ በሳምንቱ አረፈ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሽታ ነው የተመለሰው። ቆራሌው ሞተሩን በጋሪ ጭኖ ሲሄድ፣ እኔ ነጠላዬን አንሥቼ ሦስቱን በር አለፍኩ። አያ ደሴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አጠገባቸው ተንበርክኬ ስለ ብልቃጧ ነገርኳቸው፤ ጆሯቸው ደክሟልና ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሃያ ዓመት የደበቅኩትን መንገደኛ ሁሉ ሰማው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠየቁኝ። "ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ዘጠኝ።"

"እኔ በሳምንቱ በርሜሉን ደጅ ገልብጬ አይቼው ነበር" አሉ። "ጠብታ ውኃ አልነበረበትም። ግን አበልጄ ያላየውን አይናገርም ብዬ የገዛ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ለንስሐ አባቴም በድያለሁ አልኳቸው፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ ጾሜ ሰግጄ ጨረስኩ።" ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። "ለእሱስ ነግረሽው ነበር?"

"አልነገርኩትም፣ አያ ደሴ። ፈራሁ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ታዲያ ነገ ድግሱ ላይ ብመጣ ያስገቡኛል?" አሉኝ።

እኔ ራሴ መጥቼ እንደምወስዳቸው ነግሬ ተነሣሁ። ከእሳቸው ደጅ እስከ እኛ ደጅ ያለው መንገድ አባቴ ሞተሩን በግፊ ለማስነሣት የሚፈጅበትን ያህል እንኳ አይሆንም፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ሃያ ዓመት ያህል፣ አያ ደሴ ያን ጊዜ በምርኩዝ ከመጡ በቀር፣ ሳይሻገሩት ቀሩ። አንዱ ወዳጁን ከዓይኑ በላይ አመነ፣ ሌላው ሳያምነው ሞተ። አባቴን ከገደል ለማዳን ብዬ ነበር። አባቴ ከገደሉ ተርፎ ኖረ፤ ያጣው አበልጁን ነው፣ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ። አሁን ደፍሬ ልነግረው የሚገባኝ ሰው እሱ ነበር፣ እሱ ደግሞ የለም።

እናቴ ግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ቆራሌው ረስቶት ሄደ ብላ የታንከሩን ክዳን እጄ ላይ አኖረችው። ገለበጥኩት፤ ከሥሩ አሁንም ቀይ ነው። ዓይኔን ከክዳኑ ላይ አላነሣ ስል ምን ሆነሻል አለችኝ።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ" አልኳት።