ራሱን ዝቅ ያደረገው ራውተር

ዘመኑ 2017 ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ነገሩ ከልቤ የማይጠፋው ጭንቁ ከብዶ ብቻ አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ በዚያ ጭንቅ መሐል ስላሳቀኝ ነው።

እኛ የምንኖረው አምባሰል በኩል ነው። ባለቤቴ ከድጃ ከቤታችን በታች ካለው ጅረት አንሸራቷት በዳሌዋ ወደቀች። እኔ ወጌሻ ይምጣላት ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጄ ዘሃራ አለቀሰችብኝ። በመጨረሻ በሰው ሸክም አስፋልት አድርሰን፣ በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ካለ ክሊኒክ አስገባናት።

ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይናገራል። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ደክሟል። ፊት ፊቱን እያየሁ አንገቴን ስነቀንቅ ቆየሁ። ዘሃራ ከትከሻዬ ኋላ ቆማለች። አባቷ ባለበት እሷ ሐኪም አትጠይቅም፤ እንዲያ ነው ያሳደግኳት። ሐኪሙ ሲወጣ ግን ዞር ብዬ፣ "ምን አለ?" አልኳት።

"አባ፣ ፎቶው ደሴ ላለው የአጥንት ሐኪም በኔትወርክ ይላካል። አጥንቷ ተሰብሮ ከሆነ ዛሬውኑ ደሴ ሄዳ ትቀደዳለች። እሱ አይቶ እስኪመልስ ማንም እንዳይነካት፣ ማንም እንዳያሻት ብሏል።"

"እኔማ ሰምቻለሁ" አልኳት። የት ሰምቼ!

ከድጃ አልጋው ላይ ጥርሷን ነክሳ፣ "ቢላዋ ሳይነካኝ ልሙት" ትላለች። "አብሽሪ፣ አትሞችም" እላታለሁ።

ይኼኔ ኔትወርኩ ጠፋ። መንገድ ዳር የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ የሚቆፍሩ ሰዎች ገመዱን በጥሰውታል አሉ። የክሊኒኩ ባለቤት፣ "ለዚህ ለዚህ ብዬ አይደል እንዴ ሁለት ራውተር የገዛሁት!" እያለ ይንጎራደዳል። ራውተር የሚሉት ኔትወርኩን ከውጭ ተቀብሎ ለቤቱ የሚያከፋፍል ሣጥን ነው። ሁለቱም እኔ ከተቀመጥኩበት አግዳሚ በላይ ተሰቅለዋል። ትልቁ በገመድ ነው የሚሠራው፣ ትንሹ በሲም ካርድ። የሁለቱም መብራት ቦግ ብሎ ይታያል፤ ሥራ ግን የለም።

ራሕማ የምትባል ባለሙያ ተጠርታ በባጃጅ መጣች። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት። እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ጆሮዬ መድከሙ ገብቷት ነው መሰል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ትልቁ፣ አለሁ፣ ቦታዬ ላይ ነኝ ይላል አባቴ። ትንሹም እሱ ካለ ብሎ ዝም ብሏል። የትልቁ የውጭ መስመር ግን ተበጥሷል። የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፣ የትም አያደርስም።"

"ንቀይው ታዲያ!"

"የራጁ ኮምፒውተር ገመድ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ብነቅለው ያም አብሮ ይጠፋል። ይልቅ የውጭ መስመሩን እንዲከታተል ላድርገው። ከሁለቱ ማን እንደሚመራ የሚለየው የደረጃ ቁጥራቸው ነው፤ መስመሩ ሲበጠስ የራሱን ይቀንሳል፣ ያኔ ትንሹ ይረከበዋል።"

"ትልቁን ማን አባቱ ነው ዝቅ የሚያደርገው?" አልኳት። ደሜ ለምን እንደፈላ እንጃ።

"ማንም። ራሱ ነው ዝቅ የሚለው።"

ነካካች፣ ነካካች። ምንም የለም። ባለቤቱ ከበላይዋ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ስክሪኑን ልብ ብላ አየችና ሳቀች። "ዝቅስ ብሏል። ግን ትንሽ ነው የቀነሰው፤ አሁንም ከትንሹ ይበልጣል።"

ሳቄ አመለጠኝ። ይህንንማ አውቀዋለሁ! በመንደራችን መረዳጃ፣ በቅሬያችን ስብሰባ ላይ "እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጆች ይናገሩ" ይልና፣ ልጅ አፉን ሲከፍት "ቆይ አንተ!" የሚል ሽማግሌ ነው።

"ምን ያስቅሃል እኔ እየሞትኩ?" ብላ ከድጃ ከክፍሏ ጮኸችብኝ።

"ዕቃው ሽማግሌ ሆኖ ነው! ቦታ አልለቅም አለ!"

"እንግዲያው አንተን መስሏል!"

በዚያ ሕመም ላይ ሆና! ዘሃራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሐኪሙ እንኳ ዞር ብሎ ሳቀ።

ራሕማ፣ "በደንብ ዝቅ በል እንግዲህ" እያለች ቁጥሩን አብዝታ ቀነሰችለት። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ ከራጁ ክፍል፣ "ሄደ! ሄደ!" አለ። ትንሹ ተረክቦት ኖሯል።

ግቢው ውስጥ የአስርን ሶላት ሰግጄ ስመለስ መልሱ ደርሷል። ሐኪሙ አሁን ጆሮዬ ሥር መጥቶ ነገረኝ፤ አጥንቷ ደህና ነው፣ የተጎዳው ጅማቷ ነው። አልሐምዱሊላህ! ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ራሕማ ዕቃዋን ስትሰበስብ አንድ ነገር ጠየቅኳት። "ገመዱ ሲቀጠልስ? እንደተዋረደ ሊቀር ነው?"

"የለም አባቴ። መስመሩ ሲመለስለት ደረጃውም ይመለስለታል።"

"እንዲያ ከሆነ ደህና" አልኳት።

ዛሬ ከድጃ ያለ ሰው ድጋፍ ጅረት ትወርዳለች። እሷ ስትሄድ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ያን ሣጥንም ባሰብኩት ቁጥር እስቃለሁ።

ያን ዕለት ክሊኒኩ አደርን። በማግስቱ ጧት ሐኪሙ የመድኃኒቷን አወሳሰድና እንዴት እንደምትነሣ ሊነግረን መጣ። እኔ ከራስጌዋ ካለው ወንበር ተነሣሁና ዘሃራን አስቀመጥኳት። "አንቺ ስሚው። ያልገባሽን ጠይቂው" አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ጆሮዬ እስኪከፈት ነው" አልኳት። ከዚያ ወጥቼ በሩን ከውጭ ዘጋሁት፤ ክፍት ከሆነ ጣልቃ ሳልገባ መቆየት እንደማልችል አውቃለሁ።