ሁለቱም ዝቅ ሲሉ

ታናሽ እህቴ የሕንፃ ግጭት ፈላጊ ናት ብል የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ሥራዋ ግን ይኸው ነው። ሕንፃው መሬት ላይ ከመቆሙ በፊት አንዱ መሐንዲስ ምሰሶውን፣ አንዱ የውኃ ቧንቧውን፣ ሌላው የአየር ማስተላለፊያውን በየኮምፒውተሩ ሠርቶ ይልክላታል። እሷ ሁሉንም ትደርባቸዋለች። አንዱ ሌላውን ሰንጥቆ ካለፈ ኮምፒውተሩ ቀይ ያበራል። ያኔ ባለቤቱን ፈልጋ «ያንተ እዚህ ጋ ተጋጭቷል» ትላለች። መሥሪያ ቤቱ «ነገር ፈላጊ» ይላታል። ገና ስትገባ «ዛሬስ ከማን ልታጣይን ነው?» ነው ሰላምታቸው።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት በልጅነቴ ነው። እሷ እንድትማር ቤቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ድሮ ይቆጨኝ ነበር፤ ማታ ማታ ፊቷ ጠቁሮ ስትገባ ሳይ ግን ቁጭቴም ሰለቸኝ።

የእናታችንን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሆስፒታሉ ከስንት ምልልስ በኋላ ለሰኞ ለቀዶ ሕክምና ቀጠረን። እናቴ ደግሞ ታናሽሽ አብራኝ ካልገባች አልገባም አለች።

«ሐኪሙ የሚለውን አንቺ ምኑን ትሰሚዋለሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እውነት ቢሆንም ያማል።

እህቴ ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃዋ፣ «የኮሪደሩ ቀይ ይጥፋና ሂጂ» አላት። በኮሪደሩ ጣራ ሥር ቧንቧውና የአየር ማስተላለፊያው አንድ ቦታ ተሰካክተዋል። ከላይ የኮንክሪቱ ሶሌታ ስላለ ወደ ላይ መሄድ አይቻልም፤ አንዱ ትንሽ ዝቅ ቢል ያልቃል። ግን ሁለቱ መሐንዲሶች በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው ከተኮራረፉ ቆይተዋል። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በእሷ በኩል ነው የሚነጋገሩት።

«ቀድሞ የገባው የእኔ ቧንቧ ነው፤ ንገሪው።»

«ቧንቧ ይታጠፋል፤ የእኔን የአየር ሳጥን ምን ብዬ ልጠፈው? ንገሪው።»

«ኧረ ወንድሞቼ፣ እርስ በርስ ትሰማማላችሁ እኮ።»

«እኔ የሰማሁት ድምፅ የለም» አለ የቧንቧው።

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አርብ ጠዋት ለየብቻ ይዛ ለመነቻቸው፤ የእናቷን ዓይን ነገረቻቸው። ክፉዎች አይደሉም። የቧንቧው፣ «ለእናትሽ ስል ዝቅ አደርገዋለሁ። ለሱ ግን እንዳትነግሪው፣ ተሸነፈ ይለኛል» አላት። የአየሩ «እስቲ አየዋለሁ» ብቻ ብሎ ፊቱን አዞረ። እምቢ ማለቱ ነው ብላ ተወችው።

ወዲያው ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ተገላገልን። ሰኞ እኔ ነኝ ይዣት የምገባው።» እናቴ የምትለብሰውን አውጥታ ወንበር ላይ ሰቀለች።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ እያየ የሁለቱን ሥራ ደረበችው። የአየሩም መሐንዲስ ለእናቴ ሲል ዝቅ ብሏል፤ ያውም በዚያው ልክ። ጠባብ በር ላይ «እለፍ፣ እለፍ» ሲባባሉ ወደ አንድ ጎን እንደሚሄዱ ሰዎች ሆኑ። እዚያው ታች ተሰካክተው ኮርኒሱንም ወጉት። አንዱ ቀይ ሦስት ሆነ።

«ጠፋ ያልሽኝ ይኼ ነው?» አለ አለቃዋ። ፈቃዱ ቀረ።

ሰኞ እኔ ወሰድኳት፤ ከእጅ አይሻል ዶማ። ነርሷ ስትጠራት እናቴ ወንበሩን ጨብጣ «ልጄ ትምጣ» አለች።

«እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ነሽ፤ የተማረችዋን ማለቴ ነው።»

ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለእኛ ከዚያ በኋላ የተገኘው ቀጠሮ የመጪው ዓመት ነው።

እህቴ ማታ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ እናቴን አየቻት። ዓይኗ ላይ ፋሻ የለም።

«እማዬ፣ ምነው?»

«አንቺን ጠበቅን» አለች እናቴ።

ስልኳ ጮኸ። የቧንቧው መሐንዲስ ነበር።

«እናትሽ እንዴት ሆነች? ለመሆኑ ዝቅ ማለቴን ለምን አልነገርሽውም?»

«አትንገሪው ብለኸኝ ነበር።»

«እሱስ ነው» አለ።

«ታዲያ ነገ ማንኛችሁ ወደ ቀድሞ ቦታችሁ ትመለሳላችሁ?»

«እስቲ መጀመሪያ እሱን ጠይቂልኝ።»

እናቴን ክንዷን ይዤ ወደ መኝታዋ መራኋት። የበሩን ደፍ አታየውም።