ሁለቴ የተመረገው ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ቡሬ ላይ ወደ እህቴ ቤት ስሄድ አንድ ሰው መንገድ ዳር ጭቃ አቡክቶ ኖሯል፤ ከጭድ ጋር ሰንብቶ የኮመጠጠው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ በቁሜ ተናደድኩ። ሌላው ሰው ይህ ሽታ ሲመጣበት ያደገበት ሰፈር ትዝ ይለውና ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ደሜ ይፈላል። ያ ሽታ ለእኔ የፍኖተ ሰላሙ ቤታችን ነው፣ እናቴ ናት፣ አልፈርምም ብሎ የሄደው ተቆጣጣሪ ነው።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው እትዬ ጥሩወርቅ በሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ በኪራይ ነበር። መብራቱ የሚጠፋውና የሚበራው ከእሳቸው ክፍል ስለነበረ፣ እሳቸው እንቅልፍ ሲመጣባቸው እኛም እንጨልም ነበር፤ እናቴ ወጥ እያማሰለች ድንገት ጨለማ ሲውጣት «እንደው የገዛ ቤቴ ገብቼ ማብሪያውን በገዛ እጄ የምጫነው መቼ ይሆን?» ትል ነበር። በዚያ ላይ አርግዛ ነበር። እኔን የወለደችኝ የአከራይ ፊት እያየች ስለነበር፣ «ይህን ግን በቤቴ ነው የምወልደው» ብላ ምላ ነበር።

በበጋው አባቴ በከተማው ዳር የጭቃ ቤት አቆመ። ሰይድ የሚባል የቡሬ ልጅ፣ የአባቱን ሱቅ ትቶ ኤሌክትሪክ የተማረ፣ ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ እያስገባ፣ ገመድና ገመድ በሚገናኝበት ሁሉ ትንሽ ሳጥን ግድግዳው ውስጥ እያስቀመጠ ዘረጋልን። የቀረው የግንባታ ተቆጣጣሪው መጥቶ የገመዱን ሥራ አይቶ መፈረም ነበር፤ ያለ እሱ ፊርማ ቤቱ መግቢያ ፈቃድ አያገኝም፣ ቆጣሪም አይገባለትም። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይገባ ነበር፤ አባቴ ግን በሕግ ቀልድ የማያውቅ ሰው ሆነና «ፈቃድ ሳልይዝ እግሬን አላነሳም» አለ። ወይ አባቴ!

ግንቦት ላይ ተቆጣጣሪው ነገ ይመጣል ተባለ። ሰይድ «ሳጥኖቹ ክፍት ሆነው ይቆዩ፣ ማንም እንዳይነካቸው» ብሎ ለአባቴ ነግሮት ነበር፤ አባቴ ደግሞ ለእናቴ መንገሩን ረሳው። እሷም የመንግሥት ሰው ቤቷ ሊገባ ነው ሲባል ግድግዳው እዚህም እዚያም አፉን ከፍቶ እንዲቀበለው አላስችል አላትና፣ እኔን ውሃ እያስቀዳች፣ በዚያ ሆዷ ጭቃ እየረገጠች፣ ቀኑን ሙሉ ስትመርግና ስትለቀልቅ ዋለች። ግድግዳው እንደ እንቁላል ለሰለሰ። አንድ ሳጥን ቢፈለግ አይገኝም!

ተቆጣጣሪው ጫማውን ደጅ ላይ ጠራርጎ ገባና ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ የሚፈልገውን ሲያጣ ጊዜ «እትዬ፣ ሳጥኖቹ የታሉ?» አለ።

«የምን ሳጥን የኔ ጌታ? ያ ቀዳዳ ነው? እርስዎ ይመጣሉ ተብሎ አሳምሬ ደፈንኩት እንጂ!» አለች እናቴ፣ ደስ ብሏት።

«እጅዎ ይባረክ። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም» አለና ሄደ። ሰይድ ራሱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ሰኔ ሲገባ ሰይድ ግድግዳውን በመሮ ፈልፍሎ ሳጥኖቹን አወጣ፤ ተቆጣጣሪው ግን አንዴ ዝናብ፣ አንዴ ሌላ ሥራ እየያዘው ዛሬ ነገ ሲል ወሩ አለቀ። ሐምሌ ላይ የእናቴ ሆድ ገፋ፣ እትዬ ጥሩወርቅም «እዚሁ ልትወልጂ ነው እንዴ?» ማለት ጀመሩ። በሰፈራችን ደግሞ ሴት ልትወልድ ስትቃረብ ጎረቤቶቿ ተጠራርተው የምትታረስበትን ቤት ይመርጉላት ነበር። አንድ ቀን እናቴን ይዘን ጤና ጣቢያ ውለን ስንመለስ ሴቶቹ አዲሱ ቤታችን ደጅ ላይ እጃቸውን እየታጠቡ፣ እልል እያሉ ተቀበሉን። ጨርሰውታል! እናቴ ምን ትበል? «እጃችሁ ይባረክ፣ ብድር መላሽ ያድርገኝ» እያለች ሁሉንም አገላብጣ ሳመቻቸው፤ ሲሄዱላት እርጥቡን ግድግዳ ተደግፋ፣ ጭቃው ቀሚሷን እያበላሸው፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ያ የጠፋ ተቆጣጣሪ የመጣው በማግስቱ ነው! አንድ ቀን ቀደም ቢል ምን ነበረበት? ግድግዳውን አየ፣ እናቴን አየ፣ «አሁንስ ለማን ነው ያሳመራችሁት?» አለና ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ሄደ። አባቴም ያለ ፈቃድ እንግባ አላለም፤ እስከዛሬ ይህ ነገሩ አንጀቴን ያሳርረዋል።

እህቴ ማስተዋል ነሐሴ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ተወለደች። እሳቸውም በዚያ ማታ እንደ ልማዳቸው መብራቱን አጥፍተው ተኙ። ሰይድ እንደገና ፈልፍሎ፣ ተቆጣጣሪው አይቶ የፈረመው መስከረም ላይ ነበር፤ አዲሱ ቤት ስንገባ እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ማብሪያውን ተጫነችውና መብራቱ ሲበራ «አሁን ምን ያደርግልኛል» አለች።

ይኸው ዛሬ ማስተዋል ራሷ ቡሬ ላይ የብሎኬት ቤት ሠርታለች። እኔ በደረስኩ ዕለት እናቴ ከፍኖተ ሰላም ቀድማኝ መጥታ፣ ሳጥኖቹን ማንም እንዳይነካቸው ግድግዳው ሥር ወንበር ስባ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ሠራተኞቹን የልስን መያዣውን እንኳን አላስነካቻቸውም።

«ተቆጣጣሪው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች።

«አይመጣም እማዬ፣ አልቋል» አለች ማስተዋል። «ፎቶ አንስተሽ በስልክ ላኪ አለኝ፣ ላክሁለት፤ ጸድቋል ብሎ መለሰልኝ።»

ያኔ አንድ ክረምት የፈጀብን ነገር ዛሬ በአንድ ቀን አለቀ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ብሽቅ አልኩ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ የሳጥኖቹን ፎቶ አንድ በአንድ እያየች ብዙ ቆየች። ከዚያ ማስተዋልን ቀና ብላ አየቻት።

«ይህች ነገር ያኔ ብትኖር» አለች፣ «አንቺም በቤቴ ትወለጂ ነበር።»